ሁለት ሽቦ በአንድ ጉጠት

(ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በትርንጎ የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪሻኑ አበጀ መሰላል ላይ ወጥቶ በክላምፕ ሜትር ለክቶ ሲጨርስ፣ ወፍጮውን አሁን ያጠፋችው ባለወፍጮዋ ትርንጎ ከታች መሰላሉን ይዛለች።)

ትርንጎ፦ እስኪ ድገመው። ስንት አለ?

አበጀ፦ ዜሮ።

ትርንጎ፦ ዜሮ?

አበጀ፦ ዜሮ ነጥብ ዜሮ።

ትርንጎ፦ አበጀ፣ ቅድም ይሄ ወፍጮ ሲጮህ አልሰማህም? ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ፣ የኔ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ፣ ውጭ ወረፋ የያዙት እማማ የሺ ተሠራ ብለው እልል ሲሉ? ያ ሁሉ በዜሮ ነው?

አበጀ፦ እኔ ምን ላድርግ እትዬ ትርንጎ፣ መሣሪያው ነው ያለው።

ትርንጎ፦ መሣሪያህ ውሸታም ነው።

አበጀ፦ ዲጂታል እኮ ነው።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ዲጂታል ውሸታም ነው።

አበጀ፦ መሰላሉን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ ስትናደጂ ይነቃነቃል።

ትርንጎ፦ ይነቃነቅ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዛሬ አምስተኛህ ነው። አምስት ጊዜ መሰላል ወጣህ፣ አምስት ጊዜ በዚህ ጉጠት ለካህ፣ አምስት ጊዜ ዜሮ አልከኝ። አንተ ከበሩ ከመውጣትህ ብሬከሩ መስመሩን ቆርጦ ይጥላል፣ ወፍጮው ቀጥ ይላል። እናትህ አበጀ ብለው ስም ሲያወጡልህ ምን ታይቷቸው ነው?

አበጀ፦ ጉጠት አይባልም። ክላምፕ ሜትር ነው።

ትርንጎ፦ አፉን ከፍቶ ሽቦ የሚነክስ ነገር እኔ ጋ ጉጠት ነው።

አበጀ፦ አይነክስም፣ ያቅፋል። ሽቦውን ሳይቆርጥ፣ ሳይልጥ፣ ምንም ሳያደርገው ዙሪያውን ያቅፈውና በውስጡ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ ይናገራል።

ትርንጎ፦ አቅፎ ዜሮ ካለ ምን ይሠራልኛል? እንደሱ ዓይነቱን ዝምተኛማ ያለ ባትሪም አውቃለሁ።

አበጀ፦ ማንን ነው? እኔ... አ... አ... አጢሽ።

ትርንጎ፦ ይማርህ።

አበጀ፦ ያኑርሽ። በርበሬሽ አፍንጫዬን ፈጀው።

ትርንጎ፦ መኖሩንስ እየኖርኩ ነው። አንተ ነህ እንጂ የማትጠነቀቀው። እኔን እይ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ጠቅልዬ ነው የምውለው። አንተ ለበርበሬ ወፍጮ ቤት ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ ትመጣለህ። ይሄን የሚያደርግ ኤሌክትሪሻን በሙሉ ደሴ ካለ ጆሮዬን ቁረጠው።

አበጀ፦ ሌላው ታጥቦ ነው።

ትርንጎ፦ አምስቱንም ቀን?

አበጀ፦ እኛ ቤት ብዙ ይታጠባል።

ትርንጎ፦ የተተኮሰም ይመስላል።

አበጀ፦ ይተኮሳልም።

ትርንጎ፦ ሽቶም ይቀባል?

አበጀ፦ ሽቶ አይደለም፣ ሳሙናው ነው። እትዬ ትርንጎ፣ አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ።

ትርንጎ፦ እትዬ እትዬ አትበለኝ። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለህ።

አበጀ፦ ለአክብሮት ነው።

ትርንጎ፦ አክብሮትህ ሊያስረጀኝ ነው። ደግሞ ይሄ ነገር ዛሬ ማለቅ አለበት። እስከ ስድስት ሰዓት።

አበጀ፦ በስድስት ሰዓት ምን አለ? መብራት ይሄዳል እንዴ?

ትርንጎ፦ ጋሼ ወንድይራድ ይደውላሉ። አጎቴ።

አበጀ፦ ስለ ብሬከሩ?

ትርንጎ፦ ስለ ነገ። ነገ እሳቸው ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ለኔ።

አበጀ፦ ለማን?

ትርንጎ፦ ለኔ አልኩህ። ምነው፣ ለኔ ሽማግሌ አይመጣም?

አበጀ፦ ይመጣል እንጂ። ማን... ማን ነው የላካቸው?

ትርንጎ፦ ጣውላ ነጋዴው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ፣ የምትንቀጠቀጠው አንተ፣ ምን ሆነሃል?

አበጀ፦ አልተንቀጠቀጥኩም። እግሬን እያስተካከልኩ ነው።

ትርንጎ፦ ጋሼ ትናንት ጠርተው አስቀመጡኝና፣ ባልሽ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፣ አንቺም ሰው ነሽ አሉኝ። በልብሽ ያለ ሰው ካለ ነገ ስድስት ሰዓት ስደውል ስሙን ንገሪኝ፣ ሽማግሌዎቹን በክብር እመልሳቸዋለሁ፤ ከሌለ ግን እሁድ እቀበላቸዋለሁ አሉኝ። አልተቆጡኝም፣ አላስገደዱኝም። እሱ ነው የከፋው፤ ቢቆጡኝ እጣላ ነበር።

አበጀ፦ ጥሩ ሰው ናቸው።

ትርንጎ፦ በጣም። ጣውላ ነጋዴውም መጥፎ አይደለም። አንድ ቀን እዚህ መጣና ራሴን አመመኝ፣ ይሄን ወፍጮ አጥፊልኝ አለ። አጠፋሁለት። ከተጋባን ይሄን ሸጠን ጸጥ ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ እንከፍታለን አለኝ።

አበጀ፦ ጸጥ ያለ?

ትርንጎ፦ የፕላስቲክ አበባና የፎቶ ፍሬም።

አበጀ፦ አንቺ? ከፕላስቲክ አበባ ጋር? አንቺ እኮ ሰላም ስትይ እንኳን መንገድ ማዶ ይሰማል።

ትርንጎ፦ እሱን ተወው። ለጋሼ የምሰጠው ስም አለኝ ወይስ የለኝም፣ ዛሬ ማወቅ አለብኝ። ዋሽቼ ስም አልጠራም። እንዲያው በግምት ብጠራና ሰውየው እኔ የለሁበትም ቢል፣ ደሴ ለቅቄ ነው የምሄደው።

አበጀ፦ ማን እንደዚያ ይላል?

ትርንጎ፦ እኔ ምን አውቄ? ሁሉም ነገር ዜሮ ነው የሚለኝ።

አበጀ፦ አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?

ትርንጎ፦ አምስት ከሩብ። ውረድና አንድ ነገር ላሳይህ። ባለፈው ሳምንት የዚህን የጉጠትህን ካርቶን ረስተህ ሄደህ ነበር።

አበጀ፦ ካርቶኑን ብቻ አይደለም፣ ጃኬቴንም የረሳሁት እዚህ ሳይሆን አይቀርም። አላየሽውም?

ትርንጎ፦ ጃኬቱን ተወው። ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ።

አበጀ፦ እሱ በቻይንኛ ነው፣ አይጠቅምሽም።

ትርንጎ፦ ሥዕሉ ቻይንኛ አይደለም። ይኸውልህ፣ እይ። እዚህ ጋ ጉጠቱ አንድ ሽቦ ብቻ ይዟል፣ ከጎኑ የራይት ምልክት አለ። እዚህ ደግሞ ሁለት ሽቦ ባንድ ላይ ይዟል፣ ከጎኑ ይሄን የሚያህል ቀይ ኤክስ። አንተ ስንት ነው የያዝከው?

አበጀ፦ የቱ ጋ?

ትርንጎ፦ እላይ፣ አሁን።

አበጀ፦ ሁለት... ይሆናል።

ትርንጎ፦ ይሆናል? ሁለት ነው፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። አንተ አምስት ጊዜ የወጣኸው ኤክሱ ላይ ነው።

አበጀ፦ ይሄ ለነሱ አገር ሽቦ ነው።

ትርንጎ፦ የኛ ሽቦ ሌላ ነው?

አበጀ፦ ይለያል። እነሱ... አየሩም ይለያል።

ትርንጎ፦ አበጀ።

አበጀ፦ አቤት።

ትርንጎ፦ ዓይኔን እያየህ በለው።

አበጀ፦ በርበሬ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ።

ትርንጎ፦ እሺ፣ በቃ ገባኝ። ሰውየው ሙያውን አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ ይላል፣ አንዲት ቻይናዊት የሳለቻትን ሥዕል እንኳን አይለይም። እኔም ሞኝ ነኝ። ታች አስፋልቱ ላይ ያለውን ጎረምሳ ብጠራው ኖሮ በግማሽ ቀን ይጨርስልኝ ነበር። ለእማማ የሺም እነግራቸዋለሁ፣ ኤሌክትሪክ አያውቅም ብዬ።

አበጀ፦ እንዴ፣ ቆይ እንጂ። ኤሌክትሪክ አያውቅም ማለት ምን ማለት ነው?

ትርንጎ፦ አያውቅም ማለት ነዋ።

አበጀ፦ ስሚ። ይሄ ቀዩ ሽቦ ኃይሉን ወደ ሞተሩ ይወስዳል። ሰማያዊው ያንኑ ይዞ ይመለሳል። የሄደውና የተመለሰው እኩል ናቸው። ሁለቱን ባንድ ላይ ካቀፍሻቸው አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይስቡና ይጠፋፋሉ። ክላምፑ ምንም ነገር የሌለ ይመስለዋል። የኤሌክትሪክ ተማሪ ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚማረው። አንዱን ብቻውን ነጥለሽ ስትይዢው ነው እውነቱን የሚያወጣው። እና እኔን አያውቅም ትይኛለሽ?

ትርንጎ፦ አሃ።

አበጀ፦ ምን አሃ?

ትርንጎ፦ ታውቃለህ ማለት ነው።

አበጀ፦ እስኪ እንደገና ልውጣ።

ትርንጎ፦ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርከውን አምስት ጊዜ የረሳኸው ምን ነክቶህ ነው?

አበጀ፦ ወፍጮውን አስነሺው፣ ልለካልሽ።

ትርንጎ፦ ጥያቄ ጠየቅኩህ።

አበጀ፦ አንዱን ሽቦ ነጥዬ ልለካልሽ አልኩ እኮ። ያዢ መሰላሉን። ይኸው ወጣሁ። ይኸው ቀዩን ብቻ ያዝኩት። አስነሺው።

ትርንጎ፦ ካስነሳሁት ምንም አይሰማኝም፣ ጩኸቱን ታውቀዋለህ። ቁጥሩን በእጅህ አሳየኝ።

አበጀ፦ አስነሺው ግድ የለም።

ትርንጎ፦ ተነሳ። እሺ እማማ የሺ፣ ሰምቻለሁ፣ ደቀቅ አደርገዋለሁ። አንተስ? ስንት አለ?

አበጀ፦ አሁን አይሰማሽም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። ጸጥ ሲል አፌ ይታሰራል። አምስት ጊዜ ዜሮ ያልኩሽ ሌላ መምጫ ስላጣሁ ነው። ብሬከርሽ ከተበጀ አበጀን ማን ይጠራዋል? በርበሬ የማስፈጭ መስዬ ልመጣ አስቤ ነበር፣ እናቴ ለሁለት ሰው አንድ ኩንታል በርበሬ ምን ያደርግልናል አለችኝ። አፍሽን በሻሽ ሸፍነሽ በዓይንሽ ብቻ ስትስቂ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ መሰላል ላይ ደግሞ ነኝ። ይሄን ወፍጮ እንዳትሸጪው። ሰውየውንም እሺ እንዳትይው። ይኸው አልኩት፣ ተመስገን።

ትርንጎ፦ ምን አልክ? ቆይ፣ ላጥፋው። ጠፋ። ምን አልክ?

አበጀ፦ አሥራ ሦስት ነው አልኩ።

ትርንጎ፦ እንዲህ የሚረዝም አሥራ ሦስት ሰምቼ አላውቅም።

አበጀ፦ ከነ ነጥቡ ነዋ።

ትርንጎ፦ ከነጥቡ በኋላ ስንት ነው?

አበጀ፦ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት። ትርንጎ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም።

ትርንጎ፦ እትዬዋ የት ገባች?

አበጀ፦ ወፍጮው ውስጥ ወደቀች መሰለኝ። ስሚኝ፤ ሞተሩ የሚወስደው አሥራ ሦስት ነው። ብሬከሩ እስከ ሃያ ይችላል። በአሥራ ሦስት የሚጥልበት ምንም ምክንያት የለም። ታዲያ ለምን ይጥላል?

ትርንጎ፦ እኔን ትጠይቀኛለህ? ኤሌክትሪሻኑ አንተ።

አበጀ፦ ዋናው መስመር ላይ ልለካ እስኪ። እዚህ ጋ፣ ሁሉም የሚያልፍበት ላይ።

ትርንጎ፦ ተወው አሁን። ደክሞሃል። ውረድና ውሃ ጠጣ።

አበጀ፦ አልደከመኝም።

ትርንጎ፦ ሸሚዝህ ቀይ በቀይ ሆኗል። ውረድ።

አበጀ፦ ምነው ፈጠነብሽ? ቅድም ዛሬ ማለቅ አለበት ስትይ አልነበር?

ትርንጎ፦ ያ ቅድም ነው።

አበጀ፦ አስነሺው።

ትርንጎ፦ ጣቴን በር ነክሶታል፣ ማብሪያውን አልጫንም።

አበጀ፦ በሌላው ጣትሽ።

ትርንጎ፦ እሺ። ተነሳ። ስንት አለ?

አበጀ፦ ሃያ... ሃያ ሦስት... ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት ትርንጎ። ይኸው፣ ጣለ።

ትርንጎ፦ አየህ? ጣለ። አልነገርኩህም? ብሬከሩ ነው የተበላሸው።

አበጀ፦ ብሬከሩማ ሥራውን ሠራ። ሃያ የሚችል ነገር ላይ ሃያ ሰባት ጭነሽበት ቢጥል ምን ይፈረድበታል? ሞተሩ አሥራ ሦስት። መስመሩ ሃያ ሰባት። አሥራ አራቱን ማን ወሰደው?

ትርንጎ፦ አይጥ ይሆናል።

አበጀ፦ አሥራ አራት አምፔር የሚበላ አይጥ?

ትርንጎ፦ የወፍጮ ቤት አይጥ ትልቅ ነው።

አበጀ፦ እስኪ ይሄን ሽቦ ልከተለው። ከዚህ ይወርዳል፣ በግድግዳው ይሄዳል፣ በዚህ በር ሥር ገብቶ... ይሄ በር የምን ነው?

ትርንጎ፦ ጓዳዬ ነው፣ አትገባም።

አበጀ፦ እኔ መቼ ልግባ አልኩ? ሽቦው ነው የገባው። እኔ ተከትዬው ነው።

ትርንጎ፦ ያልተነሳ ዕቃ አለ፣ የተዝረከረከ ነው፣ የሴት ጓዳ ነው፣ አበጀ ነውር ነው።

አበጀ፦ ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ። ደግሞ በርበሬው ጨፍኖልኛል።

ትርንጎ፦ አበጀ።

አበጀ፦ ገባሁ። ትርንጎ፣ ይሄ ምድጃ ላይ የተጣደው ድስት ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ውሃ።

አበጀ፦ ለምን ተጣደ?

ትርንጎ፦ ሊፈላ።

አበጀ፦ ከፈላ በኋላስ?

ትርንጎ፦ እንደገና ሊፈላ። ምን ይመለከትሃል?

አበጀ፦ ምድጃው ዘጠኝ ይወስዳል። አምስት ይቀረኛል። አምስቱ... ይኸው፣ ካውያ። ካውያ እስከ ጥግ ተከፍቶ ተሰክቷል። ብሬከሩ ጥሎ እንኳን ገና ይፋጃል። ትርንጎ፣ ዛሬ አምስተኛው ቀኔ ነው። ምድጃና ካውያ አብረው የሚሰኩት መቼ መቼ ነው?

ትርንጎ፦ አልፎ አልፎ።

አበጀ፦ እኔ ሳልመጣ ስሰነብት?

ትርንጎ፦ የመጀመሪያው ቀን እውነት ነበር። የመጀመሪያውን እንዳታስገባው።

አበጀ፦ የመጀመሪያው እውነት ነበር፣ አውቃለሁ። አንድ ሽቦ ላልቶ ነበር፣ ዜሮ እያልኩሽ አጠበቅኩት።

ትርንጎ፦ አጥብቀኸው ከሄድክ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሠራ። ዘጠኝ ቀን ምንም አልጣለም። ሲሠራ ሳየው ያናድደኝ ጀመር። ብርሃኑ ቦግ ብሎ፣ ወፍጮው እያጓራ፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል። እኔ በር በሩን አያለሁ። አንድ ቀን ካውያ ሰካሁ፣ አልጣለም። ምድጃ ጨመርኩበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አበጀ፦ ከዚያ ደወልሽልኝ።

ትርንጎ፦ ከዚያ ደወልኩ። አንተ መጥተህ ዜሮ አልከኝ። እኔ ደግሞ ጉድ ነው፣ አላወቀብኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ወረቀቱን እስካገኝ ድረስ። ሥዕሉን ሳየው ግን፣ ይሄ ሰው ወይ ሙያ የለውም፣ ወይ እንደኔ ነው አልኩ። የትኛው እንደሆንክ ማወቅ ነበረብኝ። በተለይ ዛሬ።

አበጀ፦ ካውያው ሥር ያለው ይሄ... ይሄ ጃኬቴ አይደል?

ትርንጎ፦ ተጨማዶ ነበር።

አበጀ፦ ቁልፉ ተበጥሶ ነበር እኮ። ተተክሏል።

ትርንጎ፦ ክሩ ቀለሙ አልገጠመም። አትየው።

አበጀ፦ ይሄን ቁልፍ እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እተክለዋለሁ ስትለኝ ነበር። አ... አ... አጢሽ።

ትርንጎ፦ ይማርህ።

አበጀ፦ ያኑርሽ። አየሽ፣ ጓዳም ድረስ ተከተለኝ።

ትርንጎ፦ ና ውጣ ከዚያ። ለስድስት አምስት ጉዳይ ሆኗል።

አበጀ፦ እንግዲህ እኔ በዜሮ፣ አንቺ በአሥራ አራት ስንሸዋወድ ከረምን።

ትርንጎ፦ አትሳቅ። ስትስቅ እኔንም ያስቀኛል፣ የማለቅስበት ነገር ነው።

አበጀ፦ አንቺም እየሳቅሽ ነው፣ ሻሹ እየተነፋፋ ነው።

ትርንጎ፦ አበጀ፣ በቁም ነገር። ጋሼ ሊደውሉ ነው። ምን ልበላቸው?

አበጀ፦ ምን ልትያቸው ነው ያሰብሽው?

ትርንጎ፦ እኔ አራት ጊዜ ብሬከር አስጥያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አሁን ያንተ ተራ ነው።

አበጀ፦ እኔ እኮ... ማለቴ... ትርንጎ፣ ወፍጮውን ታስነሺልኛለሽ?

ትርንጎ፦ ለምን?

አበጀ፦ ልናገር።

ትርንጎ፦ መብራት የለም። ብሬከሩ ጥሏል።

አበጀ፦ ምድጃውንና ካውያውን ነቅዬ አነሳዋለሁ፣ አሁኑኑ...

ትርንጎ፦ አታነሳውም። እጅህን ከዚያ ሳጥን ላይ አንሳ። እንዲህ እንደ ጠፋ፣ ጸጥ እንዳለ ነው የምትነግረኝ።

አበጀ፦ ጸጥ ሲልማ አልችልም። ቅድም ነግሬሻለሁ እኮ፣ ወፍጮው ሲጮህ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

አበጀ፦ ምኑን ታውቂያለሽ? አልሰማሁም ብለሻል።

ትርንጎ፦ አልሰማሁም፤ አየሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ የሠራሁ ሴት በጆሮዬ ነው የምሰማው? እማማ የሺ ከደጅ ሆነው ደቀቅ አድርጊው ሲሉኝ በከንፈራቸው ነው የምሰማቸው። አንተም እላይ ሆነህ አንድም አላመለጠኝም። ኩንታል በርበሬዋንም፣ ጉልበትህንም።

አበጀ፦ ጉልበቴንም?

ትርንጎ፦ እሱን ትደግመው እንደሆነ ብዬ ቆሜ ነበር።

አበጀ፦ በመሰላሉ ልውደቅና ልሙት በቃ።

ትርንጎ፦ መሬት ላይ ነህ፣ የትም አትወድቅም።

አበጀ፦ ታዲያ ካወቅሽው አሁን ምን አስጨነቀሽ? ለጋሼ ንገሪያቸው።

ትርንጎ፦ ምን ብዬ? ጋሼ፣ ከንፈሩን አነበብኩ ልበላቸው? ወፍጮ እየጮኸ አንድ ሰው መሰላል ላይ አፉን ሲያንቀሳቅስ አየሁ፣ ሽማግሌውን ይመልሱልኝ ልበላቸው? የተነገረኝ ነገር እፈልጋለሁ አበጀ። በድምፅ። የመጀመሪያውም ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይወደኝ እንደነበር ከሞተ በኋላ ነው ሰው የነገረኝ። ሁለተኛ እንደዚያ አልኖርም።

አበጀ፦ ይሄን አላውቅም ነበር።

ትርንጎ፦ አሁን እወቀው። ሰው ሁሉ ደግሞ ጸጥ ብሏል። ውጭ ወረፋ የያዙት እንኳን ወሬያቸውን አቁመዋል፤ እማማ የሺ ጆሯቸው በሩ ላይ ነው።

አበጀ፦ እሳቸው እዚህ ካሉማ ጭራሽ አልችልም።

ትርንጎ፦ እሳቸውማ ከአንተ በፊት ነው የነቁት። ያ ነጭ ሸሚዝ ለምን አይናገርም ሲሉኝ ነው የከረሙት።

አበጀ፦ ስሚኝ። መብራት ጉዳይ ቢሆን እነግርሽ ነበር። አሥራ ሦስት ከሆነ አሥራ ሦስት፣ ዜሮ ከሆነ ዜሮ እላለሁ። ይሄ ግን መለኪያ የለውም። አፌ ላይ ይመጣል፣ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ...

ትርንጎ፦ ሲደርስ?

አበጀ፦ ይጥላል።

ትርንጎ፦ በሃያ ነው በሃያ ሰባት?

አበጀ፦ አታሹፊ።

ትርንጎ፦ አላሾፍኩም። እየጠበቅኩህ ነው። ይኸው፣ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ሰዓት እንኳን አላዛነፉም።

አበጀ፦ ትንሽ ይጩህ፣ አታንሺው።

ትርንጎ፦ ካላነሳሁት የለም ማለቴ ነው፤ እንደዚያ ነው ያሉኝ።

አበጀ፦ አንሺው። አይ፣ ቆይ። አንሺው።

ትርንጎ፦ አነሳሁት። ሃሎ፣ ጋሼ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። አዎ፣ ወፍጮው ቆሟል፣ ለዚያ ነው ጸጥ ያለው። መልሱን... አዎ፣ ለመልሱ እንደደወሉ አውቃለሁ። ጋሼ፣ ሰው... ሰውማ...

አበጀ፦ አ... አ... አጢሽ።

ትርንጎ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ አጠገቤ የሚያነጥስ ሰው አለ። ይማርህ።

አበጀ፦ አብሮ ያኑረን።